ቁልቁል የወረደ ትልም

ታላቅ ወንድሜ ትንሹን ትራክተር ከጠዳ አስነስቶ በአዘዞ በኩል ጎንደር ከተማ ሲያስገባ፣ እኔ ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት በር ላይ ቆሜ ነበር። ያኔ ሥራ የለኝም። የቄስ ትምህርቴን ከመካከሉ ትቼ፣ ዕቃ የተጠቀለለበትን ቁራጭ ጋዜጣ ሁሉ እየፈታሁ የማነብ፣ አስተማሪ ሳይኖረኝ ግጥም እጽፋለሁ የምል፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ጎረምሳ ነበርሁ።

ድምፁ ቀድሞት ደረሰ። ሰው ከየሱቁ ወጣ። አንድ ልብስ ሰፊ መቀሱን እንደያዘ ብቅ አለና፣ «ይች ደግሞ ምንድን ናት? የማኪና ግልገል?» ሲል ጮኸ።

«ጡት ገና አልጣለችም፤ መንገድ ልቀቁላት!» አለ ወንድሜ ከላይ ሆኖ።

መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም የዚህ ሰው ወንድም መሆኔን እንዲያውቁልኝ ሮጬ ከኋላው ጎማ በላይ ያለው ክዳን ላይ ልወጣ እግሬን አነሳሁ። የወንድሜ ፊት ወዲያው ተለወጠ።

«ውረድ! ወንበሩ አንድ ነው፤ የሚቀመጥበትም አንድ ሰው ነው። በእግርህ ተከተለኝ።»

«ምነው? ያን ሁሉ አቀበት በእግሬ?»

«በእግሩ የሄደ ይደርሳል» አለና ማርሹን አስገብቶ ሄደ።

እንዲህ ሆኖ ጭሱን እየዋጥሁ ተከተልሁት። ወለቃ ላይ ሸክላ የሚሸጡት ሴቶች ገና ከሩቅ ሲሰሙት ጀበናና ምጣዳቸውን ወደ ዳር ሳቡ። ከወለቃ በላይ ሞተሩ እንዲበርድ ቆም ስንል፣ ለምን እንደተቆጣኝ ነገረኝ። ባለፈው ዓመት በአይከል በኩል አንድ የሥራ ጓደኛው ተዳፋት መሬት አግድም ያርስ ነበር። የላይኛው ጎማ ድንጋይ ላይ ወጣ፤ የታችኛው ቦይ ውስጥ ገባ። ትራክተሩ ሰውየውን ከሥሩ አድርጎ ተገለበጠ። ያነሱት እነ ወንድሜ ናቸው።

«ስንደርስ ሞተሩ ገና አልጠፋም ነበር» አለኝ። ተነስቶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ መታ መታ አደረገና ወንበሩ ላይ ወጣ።

የመጣው ለአባታችን መሬት ነው። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ በሚወጣው አቀበት ላይ አባቴ አንድ ማሳ አለው። ከታች ሆኖ ለሚያየው ግድግዳ ላይ የተወጠረ ቁርበት ይመስላል። አፈሩ ግን ጥቁርና ወፍራም ነበር፤ የሚበቅልበት ገብስ ከሰው ወገብ ይደርሳል። በዚያ ዓመት፣ በጋው ሊያልቅ ሲል፣ የአባቴ ብቸኛ በሬ ታሞ ሞተ። አባቴ ያን በሬ ከጎረቤታችን በሬ ጋር አጣምሮ፣ አንድ ቀን የሱን፣ አንድ ቀን የጎረቤቱን መሬት እያረሱ ነበር የሚኖር። መቀናጆ የምንለው ይህን ነው። በሬው ሲሞት መቀናጆው ፈረሰ፤ ጎረቤታችንም ምን ያድርግ፣ ከሌላ ሰው ጋር ተቀናጀ። ሰው ሁሉ ለራሱ ሲሯሯጥ የአባቴ ማሳ ጦሙን ሊያድር ሆነ።

መሬት ጦሙን ማደሩ ደግሞ በኛ አገር የአንድ ዓመት እህል ማጣት ብቻ አይደለም። ርስት ጠያቂ አያጣም። ከኛ ማሳ ግርጌ ያለው መሬት የአባቴ ያጎት ልጅ ነው፤ የሚለየን አንድ የቀጋ ቁጥቋጦ ነው። ሰውየው «ከአያቴ የሚደርሰኝ አለኝ» እያለ ብዙ ዘመን ተከራክሮ ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ «አራሹ እስካረሰው ድረስ አይነካ፤ ጦሙን ካደረ ግን እንደገና እንነጋገራለን» ብለው አስታረቋቸው። እንግዲህ ግንቦት ከገባ ወዲህ ያጎት ልጅ ጠዋት ጠዋት ከቀጋው ሥር እየቆመ ሽቅብ ያይ ጀመር።

«ወንድሜ፣ ዘንድሮ ምነው ዝም አልህ?» ይለዋል አባቴን።

«ዝናቡን እየጠበቅሁ ነው።»

«ዝናቡስ ይመጣል። የማይመጣ በሬው ነው።»

አባቴ ለወንድሜ፣ «በሬ የሚያከራይ ሰው ፈልግልኝ» ብሎ ላከበት። ወንድሜ ጠዳ ሜዳ ላይ ለአንድ ባለሀብት ትራክተር ነጂ ነበር። ጌታውን ለምኖ፣ ደጅ ጠንቶ፣ ትንሹን ትራክተር ለሁለት ቀን አስፈቀደ። ከግቢያችን ሲደርስ አባቴ በትሩን ተደግፎ ዞሮ ዞሮ አየው።

«በሬ ነበር ያልሁህ።»

«ይህ ከበሬ ይሻላል፣ አባዬ።»

«ይሁን። ማታ የት ነው የሚታሰር?»

ቀልዱ ነው። አባቴ ሲደሰት ፊቱን ሳይፈታ ነበር የሚቀልድ። እኛም የምናውቀው በዚያ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ ትራክተሩን ከማስነሳቱ በፊት ማሳውን በእግሩ ለካው። ከራስጌ እስከ ግርጌ ወረደ፤ ወጣ። ሣር የሸፈነውን ጉድጓድ በእንጨት ምልክት አቆመበት፤ ሊነቀል የሚችለውን ድንጋይ አስነቀለ፤ ውሃ የቋጠረውን ቦታ በተረከዙ እየረገጠ ፈተነ። የኋላ ጎማዎቹን ወደ ውጭ አራርቆ አሰራቸው። ከፊት ለፊቱ ድንጋይ የሞላ ጆንያ በሰንሰለት ጠፈረ። «ሽቅብ ሲሄድ አፍንጫው ይቀለዋል፤ አፍንጫው ከተነሳ በጀርባው ይወድቃል» አለን። ሊረዱ የመጡት የመንደሩ ጎረምሶች ቆመው ያዩታል።

ከዚያ በኋላ ነው አባቴና ወንድሜ የተነጋገሩት። ከራስጌው ላይ ቆመው ነበር፤ እኔ ከአጠገባቸው ተቀምጫለሁ።

«ከዚህ ተነስቼ ቀጥ ብዬ ቁልቁል እወርዳለሁ» አለ ወንድሜ። «በአንደኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ እየያዘው። ስመለስ ማረሻውን አንስቼ በከብት መንገዱ እዞራለሁ።»

«ቁልቁል?»

«ቁልቁል።»

አባቴ በበትሩ መሬት ላይ አንድ አግድም መስመር አሰመረ። «ልጄ፣ ትልም እንዲህ ነው። ውሃ ሲወርድ አንዱ ትልም ሲያቆመው፣ ሌላው ሲያቆመው፣ ደክሞት መሬት ይገባል። ቁልቁል ከቀደድህለት ግን መንገድ ሠራህለት ማለት ነው።»

«አግድም ከሄድሁ ይገለበጣል፣ አባዬ።»

«በሬ መቼ ተገለበጠ?»

«በሬ የላይኛውን እግሩን አጥፎ ይቆማል። ይህ ጉልበት የለውም።»

አባቴ አሰበ። ዕድሜ ልኩን በሞፈር ላይ ወደ ላይኛው ጎን ዘንበል እያለ ያረሰ ሰው ነው፤ ለማንኛውም ነገር መፍትሔው ይኸው ይመስለዋል። «አንተ ወደ ላይኛው ጎን ተጋድመህ ብትቀመጥለትስ? እኛም ገመድ አስረን ከላይ ሆነን እንያዝልህ። ጎረምሳው ሁሉ አለ።»

ጎረምሶቹ ገመዱን ሊያመጡ ተነሱ። በእውነት ተነሱ፤ አንዱ ሊሮጥ ነጠላውን አሸርጧል። ወንድሜ ሳቀና ወዲያው ሳቁን ተወው።

«አገሩ ሁሉ ቢይዘው፣ አገሩን ሁሉ ይዞ ነው የሚወርድ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የጓደኛውን ነገር ነገረው፤ ለኔ የነገረኝን፣ ለኔ ያልነገረኝንም። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ከሥሩ ሰው እንዴት እንደሚወጣ።

አባቴ ሰምቶ ሲጨርስ ያሰመረውን መስመር በጫማው አጠፋው። «እንዳልህ ይሁን» አለ።

የዚያን ቀን የወንድሜን እጅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ቁልቁለቱ ላይ እግሩን ወደ ፍሬኑ ወስዶ አያውቅም፤ ማርሹን በመካከል አልነካም፤ መሪውን እንደ እንቁላል ያዘው። ግርጌ ሲደርስ ማረሻውን ያነሳል፣ በከብት መንገዱ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ እንደገና ከራስጌ ይነሳል። ጎረምሶቹ ጓሉን በዶማ እየሰበሩ ይከተሉታል። ከጠዋት ጀምሮ በአፌ ሳላምጠው የቆየሁትን ግጥም ያን ጊዜ አወጣሁት፤

ጅራፍ የማይፈራ ገለባ የማይሻ፣
መጣልህ አባቴ የብረት ማረሻ።

ጎረምሶቹ ተቀበሉት። አንድ ሽማግሌ ብቻ ከዳር ቆመው፣ «አንተ ልጅ፣ ማረሻ ድሮም ብረት ነው። ከተማ ገብተህ ማረሻም ረሳህ?» አሉኝ። ሳቅ ሆነ። እኔም አፈርሁ፤ ግን ግጥሙ አልቆመም፤ ቀኑን ሙሉ ተዘፈነ።

ያጎት ልጅ ከቀጋው ሥር ተቀምጦ ነበር የዋለ። ትራክተሩ ግርጌ በደረሰ ቁጥር ፊቱን አየዋለሁ። ክፋት ፈልጌ አጣሁበት። መሬቱን ሲነጥቁት የሚያይ ሰው ፊት ነበር፤ ምክንያቱም እሱም የራሱ ነው ብሎ ያምናል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ። ሰው ሁሉ ከራስጌው ተሰብስቦ ጠላ ሲጠጣ፣ የቀድሞው መቀናጆ ጎረቤታችን ትልሞቹን እየተመለከተ መጣ። ብዙ የማይናገር ሰው ነው።

«ሸጋ ታርሷል» አለ። «እንግዲህ ነገ ዘሩ ሲዘራ ጥማዳችንን ላምጣና አፈር አግድም እናልብሰው። ሁለት ሦስት ፈሰስም እናውጣለት።» ፈሰስ የሚለው፣ ውሃውን ሰብስቦ በዘወርዋራ ወደ ዳር የሚያወጣ ጠለቅ ያለ ትልም ነው። በሬ ብቻ ነው የሚያወጣው።

ከጎረምሶቹ አንዱ ጠላውን ሳይውጥ ሳቀ። «ምነው አያ! ትራክተር ያረሰውን በሬ ሊያርመው ነው?»

«ገለባ የማይሻ!» አለ ሌላው ከኔ ግጥም ነጥቆ።

ሁሉም ወደ ወንድሜ ዞሩ። ፊቱ አቧራና ቅባት ነው። ያን ተራራ ያለ ደም ወርዶ የጨረሰ ሰው ነው። ሌሊቱን እንዳልተኛ እኔ አውቃለሁ።

«አይድከሙ፣ አያ» አለ። «ነገ የግራር ቅርንጫፍ ከኋላ አስሬ እኔው አለብሰዋለሁ።»

ጎረቤታችን አባቴን አየው። አባቴ ማሳውን አየ። በመጀመሪያ ራስጌውን፣ ቀጥሎ ግርጌውን፣ ቀጥሎ ቀጋው ሥር ያለውን ያጎት ልጅ። ከዚያ ወንድሜን አየው፤ እዚያ ላይ ዓይኑ ቆየ። አባቴ ሊናገር አፉን ሲከፍት አይቻለሁ። ምን ሊል እንደነበር ዛሬ ለማንም ግልጥ ነው። ግን ልጁ አገሩ ሁሉ በተሰበሰበበት የከበረበት የመጀመሪያ ቀን ነበር፤ እሱም ያንን ቀን ሊሰብርበት አልፈለገም።

«ልጄ ካለ ይሁን» አለ፤ ዋንጫውንም ለጎረቤታችን አቀበለው።

በማግስቱ አባቴ ገብሱን ዘራ። ወንድሜ ቅርንጫፉን እየጎተተ አሁንም ቁልቁል ወረደ። ማሳው የተበጠረ ፀጉር መሰለ፤ መስመሩ ሁሉ ወደ ታች። አምሮ ነበር፤ ይህን አልክድም። ወንድሜ ወደ ጠዳ ሲመለስ እናቴ ግንባሩን ስማ ሸኘችው፤ ያጎት ልጅም ከቀጋው ሥር ተነስቶ ወደ ቤቱ ሄደ። መሬቱ ጦሙን አላደረምና ለዚያ ዓመት ክርክሩ አልቋል።

እኔ ከተማውን ሰልችቼው ስለነበር እዚያው ቆየሁ። ገብሱ በቀለ። ሰኔ ሲያልቅ አንድ ጣት ያህል ሆኖ፣ ከሩቅ ሲያዩት መሬቱ ላይ አረንጓዴ ትንፋሽ የተነፈሰ ይመስል ነበር። አባቴ በየቀኑ ወጥቶ ያየዋል። ደመና ባየ ቁጥር ደግሞ ዶማውን ከደጅ አያርቅም።

ሐምሌ እንደገባ አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ከበረዶ ጋር መጣ። እኔና አባቴ ሮጠን ስንደርስ ውሃው ማሳው ራስጌ ላይ ተሰብስቧል። ከዚያ ያየሁትን እስካሁን በግጥም ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ውሃው አልተሯሯጠም፤ አልተጋፋም። እያንዳንዱ የራሱን ትልም ይዞ ወረደ። ወንድሜ በጥንቃቄ፣ ቀጥ አድርጎ፣ ሳይንሸራተት የወረደባቸው መንገዶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ጥቁር ጅረት ሆኑ። አባቴ መካከል ገብቶ በዶማው አግድም ሊቆርጠው ታገለ። አንዱን ሲዘጋ ውሃው ወደ ቀጣዩ ትልም ይገባና እዚያ ሁለት ሆኖ ይወርዳል።

ከታች የሚጮህ ድምፅ ሰማን። ያጎት ልጅ ነው፤ ገሳውን ጥሎ ዶማውን ይዞ ሽቅብ እየወጣ ነበር።

«ከላይ ያዘው፣ ወንድሜ! ከላይ! እኔ ከዚህ እይዘዋለሁ!»

ሦስታችንም እስኪያባራ ድረስ ቆፈርን። ያዳንነው ነገር አልነበረም። ዝናቡ ሲያቆም መሬቱ ላይ የሚታየው ነጭ ድንጋይ ነው፤ እዚህም እዚያም በሥሩ የተንጠለጠለ ገብስ ይወዛወዛል። አፈሩ ከቀጋው አልፎ ገና ባልተዘራው ያጎት ልጅ ማሳ ላይ እንደ ጥቁር ጋቢ ተዘርግቶ ነበር። ያጎት ልጅ ቁልቁል አየው፤ አባቴንም አየው።

«እኔ አላመጣሁት» አለ።

«አውቃለሁ» አለው አባቴ።

የዚያን ዓመት ያጎት ልጅ ማሳ የሰጠውን ያህል ሰጥቶ አያውቅም። ለቃርሚያ የወጡ ሴቶች፣ አንዷ አውጥታ ሌሎቹ እየተቀበሏት፣ እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው፤

ላይ ያለው አረሰ ታች ያለው አጨደ፣
አፈሩ ተነስቶ ቁልቁል እየሄደ።

ከኔ ግጥም ይህ ይበልጣል። የማን እንደሆነ ጠይቄ ማንም የሚነግረኝ አጣሁ። የኔን ግጥም ከዚያ ወዲያ ማንም አላነሳውም። እኔም በዚያ ምሽት ለመሳለቂያ ያ ግጥም ባይነሳ ኖሮ ወንድሜ በሬዎቹን እሺ ይል ነበር ወይ እያልሁ አንዳንዴ አስባለሁ።

ወንድሜ ከመኸር በኋላ መጣ። ማንም አልላከበትም፤ ወሬው ራሱ ጠዳ ደርሷል። በእግሩ ነበር የመጣ። ማሳው ውስጥ ገብቶ፣ ያኔ በእግሩ እንደለካው፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ ወርዶ ወጣ። ጉድጓድ ያሳየበት እንጨት አንዱ አሁንም ቆሟል። ነቀለው፤ ምን እንደሚያደርገው ግን ስላላወቀ ይዞት ቆመ።

«አባዬ፣ በዚያ ምሽት ምነው ዝም አልህ?» አለ።

«በሬ ሞተብኝ» አለ አባቴ፤ «መሬትም ሄደ። አንተ አግድም ሄደህ ብትሞትብኝ ምን እል ነበር?»

«እሱን አይደለም። ጎረቤታችን ጥማዱን ላምጣ ሲልህ ነው።»

«እሱማ» አለ አባቴ። «እሱማ...» ብሎ ቀረ።

በዚያው ሳምንት ያጎት ልጅ አንድ አቁማዳ ገብስ አሸክሞ ግቢያችን መጣ። በር ላይ ቆሞ፣ «የናንተ አፈር ያበቀለው ነው» አለ። «የርስቱንም ነገር ከዛሬ ጀምሮ ትቸዋለሁ፤ ለሽማግሌዎች ተናግሬአለሁ።» አሽሙር እንዳልሆነ ከዓይኑ ያስታውቃል። አሽሙር ቢሆን ይሻለን ነበር፤ የምንመልሰው አናጣም። ያን ሁሉ ዘመን ሲከራከርበት የኖረውን መሬት አይቶ ሊወስደው አልፈለገም። አባቴ ገብሱን ተቀበለ፤ አመሰገነ፤ እናቴም ጠላ ቀዳችለት። ከዚያ ገብስ ግን በቤታችን የበላ የለም። አባቴ ለዘር ብሎ ጎተራ አስገባው።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ በየበጋው እረፍት ሲያገኝ ይመጣል። የወረደውን ድንጋይ ሰብስቦ ማሳው ላይ አግድም ይደረድራል፤ አንድ እርከን፣ ከሱ በላይ ሌላ እርከን። ድንጋዩን ያኔ መሪውን እንደያዘ፣ በጥንቃቄ ነው የሚያስቀምጠው። አንድ ቀን አባቴ ከራስጌው ተቀምጦ ሲያየው ቆየና፣ «አሁን ገና አግድም መሄድ ለመድህ» አለው፤ ፊቱን ሳይፈታ። ወንድሜ ቀና አለ። ሊስቅ መሰለኝ። ድንጋዩን አስቀምጦ ወደ እኛ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ፤ አባቴም ከተናገረው ውስጥ አንዱን ቃል ሊመልሰው የፈለገ ሰው መሰለ።

እርከኖቹ ውስጥ ጥቂት አፈር ተይዟል። አንድ እፍኝ፣ ሁለት እፍኝ። በግ የሚግጠው ሣር በቅሎበታል፤ ገብስ ግን ገና ነው። አባቴ የዘር ገብሱን በየዓመቱ እያወጣ ያሰጣዋል፤ ነቀዝ እንዳይገባው ይለቅመዋል፤ መልሶ ያስገባዋል።

ባለፈው ክረምት ጠዳ ወንድሜን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ሜዳው ላይ ትልቁን ትራክተር እየነዳ አገኘሁት፤ ትልሙ ዓይን እስኪያጣው ይሄዳል፤ ላይም የለው፣ ታችም የለው። እያወራን ሳለ በሰሜን በኩል፣ ከጎንደር በላይ፣ በአባታችን ማሳ አቅጣጫ፣ ሰማዩ ጠቆረ። ወንድሜ ንግግሩን አቋርጦ ሞተሩን አጠፋው። ከዚያ ድረስ የሚሰማ ነገር የለም፤ ዝናቡ ሩቅ ነው። እሱ ግን እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ፊቱን ወደ ደመናው አዙሮ አዳመጠ። ደመናው እስኪያልፍ ድረስ ሞተሩን አላስነሳም።